ፕሪሲዥን ወይስ ጃዝ? ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ለሚገዛ

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ፕሪሲዥን ልግዛ ወይስ ጃዝ?" አለኝ። ሁለቱም የፌንደር፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ፣ ቤዝ ጊታሮች ናቸው። ፕሪሲዥን በ1951፣ ጃዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ወጡ። ሁለቱንም ይዤ ሠርግ ሠርቻለሁ።

ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ግራ እጅ ነው። የጃዝ አንገት ከጊታሩ ራስ በኩል ጠባብ ነው፤ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ። የፕሪሲዥን ብዙ ጊዜ ከ41 ያልፋል። ጣቱ አጭር ለሆነ ሰው ይህቺ ቀላል አይደለችም።

ድምፁስ? ጃዝ ሁለት ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት የሚቀበል ማግኔት፣ አለው። የኋላውን ብቻ ከፍተህ ትዝታ ስትጫወት እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ይወጣል። ደስ ሲል! ግን አንዱን ብቻ ስትከፍት እዝዝ ይላል። የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስትሠራ ደግሞ ያስመርራል። ሁለቱን እኩል ስትከፍት እዝዝታው ይጠፋል፤ ያ ጥርት ያለ ድምፅም አብሮ ይለወጣል። የፕሪሲዥን ፒክአፕ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ እንዲህ እዝዝ አይልም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ እስክስታው ሲደምቅ ከከበሮው ጋር ይጣበቃል።

ዋጋው እንደ ሻጩ ነው። የትኛውንም ብትመርጥ አንገቱን ሳታይ ብር አታውጣ። ክሩን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ ተጫን። አንገቱ መሃል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የወፍራም ወረቀት ያህል ክፍተት ይበቃል። እኔ አንዴ ሳላይ ገዝቼ አንገቱን የሚያቃናው የውስጥ ብረት አልዞር ብሎኝ በኪሳራ ሸጫለሁ።

ልጁን ለሠርግ ከሆነ ፕሪሲዥን ግዛ አልኩት።