መብራት ለማይጠፋበት ቤት የተሠራ ማተሚያ

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ዕቃዎች መደብር የገዛሁት ባለታንክ ቀለም ማተሚያ በኅትመት ጥራቱ ብቻ ቢመዘን የሚመሰገን ነው። የግእዝ ፊደላት ጥቃቅን ቅጥያዎች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ቀለሙም በካርትሪጅ ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር ቶሎ አያልቅም። ይሁን እንጂ በገመድ ብቻ የሚሠራውን ርካሽ ሞዴል ትቼ በዚህኛው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣሁት በዋይፋይ አማካኝነት የቤቱ ሰው ሁሉ ከየስልኩና ከየላፕቶፑ ያትምበታል ስለተባለ ነው፤ ስለዚህ ግምገማዬም በዋናነት የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሆናል።

ሻጩ ማተሚያውን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በዩኤስቢ ገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ አንድ ገጽ አተመና «ይኸው፣ ይሠራል» አለ። አልዋሸም፤ ያሳየው ግን ተጨማሪ ገንዘብ ያልተከፈለበትን ሥራ ነው። ገዥ ከመደብሩ ከመውጣቱ በፊት በዋይፋይ፣ ያውም ከስልክ፣ እንዲታተምለት ቢጠይቅ መልካም ነው።

ማተሚያው ስክሪን የለውም። ሁኔታውን የሚናገረው ብልጭ ድርግም በሚሉ መብራቶች ሲሆን፣ የመብራቶቹን ትርጉም ለማወቅ ደግሞ መመሪያውን አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ይላል። የዋይፋይ የይለፍ ቃሉ የሚገባው በስልክ መተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ስልኩ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ ሲጠይቅ መደንገጥ አያስፈልግም፤ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ስድስተኛ ዕትሙ ጀምሮ በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ ኔትወርኮችን መፈለግን ከቦታ ፈቃድ ጋር ያያዘው በመሆኑ ጥያቄው የማተሚያው አምራች ፈጠራ አይደለም። ኢሜይል አስገብቶ አካውንት ካልተከፈተ ወደ ቀጣዩ ገጽ አላሳልፍም ማለቱ ግን ምንም ቴክኒካዊ ምክንያት የሌለው፣ በገዛ ዕቃ ላይ ደጅ የሚያስጠና አሠራር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር የሞገድ ነው። ማተሚያው ዋይፋይ ከሚሰራጭባቸው ሞገዶች የሚቀበለው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ሲሆን፣ ይህም በካርቶኑ ጎን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ምርጫው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ይህ ሞገድ የብሎኬት ግድግዳን ከ5 ጊጋኸርዝ በተሻለ ያልፋል፣ ሞገዱን የሚቀበለው የማተሚያው አካልም ርካሽ ነው። ነገር ግን በርካታ ራውተሮች ሁለቱንም ሞገዶች በአንድ ስም ስለሚያሰራጩ ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ሳለ መተግበሪያው «ማተሚያው አልተገኘም» እያለ ይመላለሳል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። በራውተሩ ቅንብር ውስጥ 5 ጊጋኸርዙን ለጊዜው ማጥፋት ወይም ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠት ነገሩን ይፈታዋል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ተከላው ካለቀ በኋላ የሚከሰተው ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያው በኔትወርኩ ውስጥ የሚገኝበት ቁጥር፣ ጊዜያዊ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለማን ምን እንደሰጠ ሊረሳ ስለሚችል ማተሚያው ሌላ አድራሻ ይይዛል፣ ላፕቶፑ ግን በቀድሞው አድራሻ መፈለጉን ይቀጥላል። ውጤቱም ማተሚያው በርቶ፣ ወረቀትና ቀለም ሞልቶት፣ በዊንዶውስ ላይ «ኦፍላይን» ተብሎ መታየቱ ነው። መብራት በሚመላለስበት ሳምንት ይህ ተደጋግሞ ይደርሳል፤ የመመሪያው መፍትሔ ደግሞ ማተሚያውን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰርዞ እንደ አዲስ መትከል ነው፣ እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ። ዘላቂው መላ በመመሪያው ውስጥ የለም፦ ወደ ራውተሩ ገጽ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1፣ ገብቶ ለማተሚያው ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ለተሰጠው መለያ ቁጥር) አንድ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ማስያዝ፤ ቀጥሎም በዊንዶውስ ላይ ማተሚያውን በራሱ ፈልጎ ካገኘበት መንገድ ይልቅ በዚሁ አድራሻ፣ በቲሲፒ/አይፒ ፖርት (ማተሚያን በአይፒ አድራሻው በቀጥታ በሚያገናኘው የዊንዶውስ አማራጭ) መጨመር ነው። ይህ ከተደረገ ወዲህ መብራት ቢሄድም ቢመጣም ማተሚያው ከቦታው አልጠፋም። ሆኖም ይህን ሁሉ ለመሥራት የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል፤ በብዙ ቤት ደግሞ ቃሉን የሚያውቀው መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ብቻ ነው።

የወረቀት መጠንም አንድ ቃል ይገባዋል። መተግበሪያው አገር ሲጠይቅ በስህተት አሜሪካ ከተመረጠ 216 በ279 ሚሊሜትር የሆነውን ሌተርን መነሻ ያደርጋል፤ እዚህ የሚሸጠው ወረቀት 210 በ297 የሆነው ኤ4 ስለሆነ የገጹ ግርጌ ይዛባል ወይም ማተሚያው የወረቀት ስህተት አለ ብሎ ይቆማል። ስካነሩ ግን እንከን አላገኘሁበትም፤ ሰነድን በቀጥታ ወደ ስልክ መላኩ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ለማስቀመጥ እጅግ ምቹ ነው።

ወደ ራውተሩ ቅንብር መግባት ለሚችል ሰው ማተሚያው ዋጋው አይቆጭም። ለማይችል ግን በገመድ የሚሠራውን ሞዴል መርጦ በልዩነቱ ተጨማሪ ጥቁር ቀለም ቢገዛ ይሻለዋል፤ ኅትመቱ ያው ነው።