ጊዮርጊስ ወይስ ሐበሻ?

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲበረታ ግሮሰሪ ገብቼ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የቢራ ጠርሙሶቹ መለያ ላይ ነው። ጊዮርጊስ ሽማግሌው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 አዲስ አበባ ተመሠረተ። ቅዱሱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ይወጋል። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የምናውቀው ሥዕል ስለሆነ ፊደል ያልቆጠረም አይስተውም። (አያቴ ግን የታቦት ስም ጠርሙስ ላይ መለጠፉ አልተዋጠላቸውም።)

ሐበሻ የከተማችን ልጅ ነው። ብዙ ሺህ ሰው አክሲዮን ገዝቶበት በ2007 ዓ.ም. ገበያ ወጣ። መለያው የሴት ፊት ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ዘመናዊ ነው። ታሪክ ግን ገና አልጠገበም።

ለመጠጡ የአገሬን ልጅ አዝዛለሁ። መደርደሪያዬ ላይ የማስቀምጠው ባዶ ጠርሙስ ግን የፈረሰኛው ነው።