የአባቴን ዓይን ያልመለሰች፣ ማየትን ግን ያስተማረች ባለሙያ

«ከዚህ በላይ የምናደርገው ነገር የለም» የሚለውን ቃል ከዓይን ሐኪም አፍ ሰምታችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ወደ ቤት የተመለሳችሁ ካላችሁ ይህን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኛም ሰምተነዋል። የአባቴ ሕመም በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ ጉዳት ነው፤ በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የሬቲናን መሃል ይበላል፣ ዳር ዳሩን ይተዋል። ሐኪሙ ስለ ሕክምናው የተናገረው እውነት ነበር። ከሕክምና ቀጥሎ ተሃድሶ የሚባል፣ በቀረው እይታ መጠቀምን የሚያስተምር ነገር መኖሩን ግን አልነገረንም፤ በዚህም አንድ ዓመት ያህል በከንቱ አለፈ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት አባቴ መጽሐፋቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

በሰው ጥቆማ ያገኘናትን የሎው ቪዥን (በመነጽርም ሆነ በሕክምና የማይስተካከል የእይታ ድክመት) ተሃድሶ ባለሙያ ዛሬ በአደባባይ አመሰግናለሁ። ስሟን ያልጻፍኩት እሷው አደራ ስላለችኝ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። መሣሪያ አላወጣችም፣ ሰሌዳም አላሳየችም። ወንበሯን ስባ ከፊታቸው ተቀመጠችና «አባባ፣ ፊቴን ሲያዩ የትኛው ይጎድልብዎታል?» አለቻቸው። «ዓይንሽና አፍንጫሽ የሉም፤ ፀጉርሽና ጆሮሽ ይታዩኛል።» «እንግዲያው ዓይኔን መፈለግዎን ይተዉና ጆሮዬን ይመልከቱ።» አባቴ ወደ ጆሮዋ አዩ። ትንሽ ዝም አሉና «መጣ! ዓይንሽ መጣ!» ብለው እጇን ያዙ። እኔ ከክፍሉ ወጥቼ አለቀስኩ።

ነገሩ ተአምር አይደለም። የተጎዳው መሃሉ በመሆኑ ሰው ቀጥ ብሎ ያየውን ያጣዋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲያይ ግን ምስሉ በደህናው የሬቲና ክፍል ላይ ያርፋል። የትኛው አቅጣጫ እንደሚሻል ከሰው ሰው ስለሚለያይ ባለሙያ መርምሮ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳምንታት የሚፈጅ ልምምድ ይከተላል። አባቴ በፊደል ጀምረው ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ መስመር ሄዱ። ሲታክታቸው ትተዋቸዋለች፣ ሲመለሱ ካቆሙበት ታስቀጥላቸዋለች።

ማጉያ መነጽር ቀደም ሲል እኛም ገዝተን ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ቀረ። ምክንያቱን ያወቅነው ከእሷ ነው። ማጉያው በበረታ ቁጥር ወደ ወረቀቱ መጠጋት አለበት፤ ባለ 20 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) ከሆነ ከጽሁፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው በትክክል የሚያሳየው። አባቴ ግን በክንዳቸው ርዝመት ይይዙት ነበር። የሚበቃቸውን መጠን ለክታ መረጠችላቸው እንጂ ትልቁን አላስገዛችንም፤ በጣም የሚያጎላው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጥቂት ፊደል ብቻ ነውና። የጠረጴዛ መብራቱንም ከ60 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አስጠጋችው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ መሃሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርቶን ሰጠቻቸው። ከሁሉም ያስገረመኝ ይህ ካርቶን ነው፤ የወረቀቱን ነጸብራቅ ይከላከላል፣ መስመር እንዳይጠፋም ይጠብቃል።

እኛንም አርማናለች። አባቴን በእጃቸው ይዘን እንጎትታቸው ነበር። የእኛን ክንድ ከክርን ከፍ ብለው እሳቸው እንዲይዙ፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላችን እንዲሄዱ አሳየችን።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ አንዲት ጥያቄ ነው። በሦስተኛው ቀጠሯችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ የሌለ ነገር ይታይዎታል?» አለቻቸው። አባቴ ቀና አሉ። ለወራት ትንንሽ ልጆች ተሰልፈው ግድግዳው ሥር ሲያልፉ ያዩ ነበር፤ አበዱ እንዳንላቸው ፈርተው ለማንም አልተናገሩም። ሻርል ቦኔ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1760 በገዛ አያቱ ላይ ያየውን እንደዘገበ፣ ሕመሙም በስሙ እንደሚጠራ ነገረቻቸው። ዓይን የሚልከው መረጃ ሲያንስ አእምሮ ራሱ ሥዕል ይሠራል፤ ሥዕሉ ድምፅ የለውም፣ ሰውየውም እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ሌላ መንስኤ እንዳይኖር ለሐኪም እንድንነግርም አሳሰበችን። በዚያ ሌሊት አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ እፎይ ብለው ተኙ። እንዲህ ያለ ምስጢር አምቀው የተቀመጡ ስንት አባቶችና እናቶች ይኖራሉ!

ስለዚህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ተሃድሶ ለማግኘት ሙሉ በሙሉ መታወር አያስፈልግም፤ በመነጽር ተስተካክሎም የተሻለው ዓይን እይታ ከ6/18 በታች ከሆነ (ማለትም ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን በ6 ሜትር እንኳ መለየት ካቃተው) ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ሐኪማችሁን «የሎው ቪዥን አገልግሎት ወዳለበት ላኩን» በሉት። ስትሄዱ የምትጠቀሙባቸውን መነጽሮች ሁሉ ያዙ፤ ሕመምተኛው ማድረግ የሚናፍቀውንም ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዓይን ክትትላችሁን ግን አታቋርጡ።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ጽሁፍ ከማውጣቴ በፊት አባቴ በማጉያቸውና በጥቁር ካርቶናቸው፣ መስመር በመስመር ራሳቸው አንብበውታል። ሁለት የፊደል ስህተትም አርመውልኛል።