ሚያታ ወይስ ኤምአር2? ለፕሮጀክት የገዛኋት አሮጌ ስፖርት መኪና ከወራት በኋላ

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር አሮጌ መኪና ገዝቼ በራሴ እጅ ማደስ የቆየ ምኞቴ ነበር። በጀቴ 5,000 ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂንያ በዚህ ዋጋ ካገኘኋቸው ውስጥ በቁም ነገር ያየሁት ሁለቱን ነው። አንዷ የ2000 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሌላዋ የ2001 ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር። ሚያታዋን እኔ ገዛሁ። ኤምአር2ዋን አብሮኝ ሲያይ የነበረ ጓደኛዬ ወሰዳት። በእነዚህ ወራት ታዲያ ሁለቱንም ነድቻለሁ፣ የሁለቱም ስር ገብቻለሁ።

የምለውን ቀድሜ ልበል። ለፕሮጀክት መኪና ስትመርጡ ፍጥነቷን አታስቀድሙ። በሽታዋ የት እንዳለ እዩ። በዓይን ይታያል? እጃችሁስ ይደርስበታል? የእኔን ምርጫ የወሰነው ይሄ ነው፣ እስካሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሁለቱም ባለ 1.8 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። የሚያታዋ ሞተር 140 የፈረስ ጉልበት አለው፣ የኤምአር2ዋ 138። ሚያታ ወደ 1,050 ኪሎ ትመዝናለች፣ ኤምአር2 ወደ 1,000 ኪሎ። ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው። ትልቁ ልዩነት የሞተሩ ቦታ ነው። ሚያታ እንደ አብዛኛው መኪና ከፊት ነው ሞተሯ። ኤምአር2 ግን ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ተሸክማዋለች። መንዳቱንም ጥገናውንም የሚለየው ይህ ነው።

መጀመሪያ ልቤ ያዘነበለው ወደ ኤምአር2 ነበር። ቶዮታ ናት! ሞተሯ ደግሞ 1ዜድዜድ የሚባለው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ኮሮላ ውስጥ ያለው ያው ሞተር። ኮሮላ ከተባለ አበሻ ዘንድ ብዙ ክርክር የለም፤ ታክሲ የሠራም፣ ኡበር የሚሠራም ይመሰክርላታል። ታይሚንጉም፣ ማለትም የቫልቭና የፒስተን እንቅስቃሴን የሚያገጣጥመው፣ በቺንጋ ሳይሆን በካቴና ነው የሚሠራው፤ በየጊዜው ቀይሩ አይልም።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ሞተር አንድ የታወቀ በሽታ አለው። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። በጊዜ ብዛት ይደፈናሉ። ያኔ ዘይቱ በፒስተኑ ቀለበቶች አልፎ ይቃጠላል። ኮሮላ ላይ ሲሆን ዘይት እየጨመሩ ብዙ መሄድ ይቻላል። ኤምአር2 ላይ ግን ጣጣው ይብሳል። ከዋናው ካታሊስት፣ ማለትም ከጭስ ማጣሪያው በፊት፣ ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት ቱቦ፣ ራሱ ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ትንንሽ ቅድመ ካታሊስቶች ተቀምጠዋል። የተቃጠለው ዘይት እነሱን ይጎዳቸዋል። ሴራሚካቸው ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሲገባ ግድግዳውን ይጭረዋል። ከዚያ በኋላ ዘይት የምትበላው መኪና ዘይት የምትጠጣ ትሆናለች። ያ ሞተር ደግሞ ዘይት የሚይዘው ከ4 ሊትር በታች ነው። ዲፕስቲክ፣ ማለትም የዘይት መለኪያውን ዘንግ፣ ማየት የረሳ ሰው ሞተሩን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከውጭ ማየት አይቻልም። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ሞተሯ ጸጥ ብሎ እየሠራ ልትገዟት ትችላላችሁ። ማረጋገጥ የፈለገ ማኒፎልዱ ላይ ያሉትን ኦክስጅን ሴንሰሮች ፈትቶ፣ በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ አስገብቶ ማየት አለበት። የትኛው ሻጭ ነው መንገድ ዳር ይህን የሚፈቅድላችሁ?

ሚያታም በሽታ አላት። የእሷ ዝገት ነው። ከወንበሮቹ ኋላ፣ ሸራው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ግራና ቀኝ የውሃ መውረጃ አለ። ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ከበሩ ስር ያለውን ላሜራ ከውስጥ ይበላዋል። ዝገቱ ወደ ውጭ ብቅ የሚለው ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ነው። በዚህ ትውልድ መኪና፣ ማለትም ከ1999 እስከ 2005 በተሠራው ላይ፣ የፊት ሻንሲውም ይዝጋል። እዚህ ደግሞ በረዶ ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል።

ዝገት ከሞተር ብልሽት ይከፋል የሚሉ አሉ። ስለ ሥራው ከሆነ ልክ ናቸው። ሞተር ተፈትቶ ሌላ ይገባል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል። ዝገት ግን ይታያል። ተንበርክካችሁ በባትሪ ታዩታላችሁ፣ በጣታችሁ ትነኩታላችሁ። እኔ ማግኔት ይዤ ነው የሄድኩት። ላሜራው በስቱኮ ተሞልቶ ከሆነ ማግኔት አይዝም። በአንዱ ጎን በቀለም ስር የተነፋ ትንሽ ቦታ አገኘሁ፣ ለሻጩ አሳየሁት፣ ዋጋውን ቀነሰ። በዓይን በታየ በሽታ መደራደር ይቻላል። ባልታየው ግን በምን ትደራደራላችሁ?

ከእኔ ጋር መኪኖቹን ያዩልኝ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ የነበሩ አባት ናቸው። አንድ ምክር ሰጡኝ። «ልጄ፣ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው ድረስበት። ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሳውና ጭሱን እይ።» «እሺ ጋሼ» ብዬ በማለዳ ሄድን። ሚያታዋ ስትነሳ ጭስ አላየንባትም። ኤምአር2ዋ ስትነሳ ዘይት እንደሚቃጠል የሚናገረው ሰማያዊ ጭስ ለአፍታ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ጓደኛዬ ግን አውቆ ገባበት። ዋጋዋ ወርዶለት ነበር፣ ሞተር ማውረድም አይፈራም።

አሁን ወደ ልምዱ ልምጣ። ሚያታዋን እንደገዛሁ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀየርኩ። የሚመከረው በየ60,000 ማይሉ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት የቀየረበት ወረቀት አልነበረም። ደግነቱ በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ቢሆንም መንገድ ላይ መቆም ማንም አይፈልግም። እስከዚያ ድረስ ከተፈታ በኋላ የውሃ ፖምፓውን አለመቀየር ሞኝነት ስለሆነ እሱንም አብሬ ቀየርኩ። ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ከፊታችሁ ነው። ሞተሩ በቁመቱ ስለተቀመጠ ግራና ቀኙ ክፍት ነው፤ ቁልፍ ይዞ የሚገባ እጅ ቦታ አያጣም።

ቀጥሎ የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፖምፓ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀረ። ይህ የሚያታ የተለመደ ነገር ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው፤ ከባዱ አየሩን ማስወጣት ነው። የራዲያተሩ የፕላስቲክ ጫፍም ወደ ቡናማ ተቀይሮ ነበር። ያ ሊሰነጠቅ መቃረቡን የሚናገር ቀለም ነው፤ ሳይፈነዳ ቀየርኩት። ውሃ መውረጃዎቹን ደግሞ ሣር በሚያጭደው ማሽን የናይሎን ክር ጠርጌ፣ ከላይ ውሃ እያፈሰስኩ ከስር መውጣቱን አረጋገጥኩ። ሚያታ ያላችሁ ይህን ዛሬውኑ አድርጉ። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መኪናዋን ግን ከመበስበስ ያድናታል።

መለዋወጫ ሳጣ ቀርቼ አላውቅም። ሚያታ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ከታየች ጀምሮ ምርቷ አልተቋረጠም። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተመርታለች። ይህን ያህል በተሠራ መኪና ላይ የሚደርስ ብልሽት ሁሉ ሌላ ሰው ላይ ቀድሞ ደርሷል። መፍትሔውም ዕቃውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ጓደኛዬ በተራው ብዙ ለፍቷል። ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ ስለሆነ ካንዴላ መቀየር ቀላል አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ያ ቀላል ነው። ከካንዴላ አልፎ ወደ ታች የወረደ ሥራ ግን መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ በስሜት ብሎን መፈለግ ነው። ራዲያተሩ ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። ውሃው በረጅም ቱቦ በመኪናዋ ስር ይመላለሳል። ውሃውን የቀየረ ቀን አየሩን ለማስወጣት አመሸ። ዘይት ከመቀመጫው ኋላ አይለየውም፤ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ዲፕስቲክ ያያል። የሞተር ዕቃ በኮሮላ ምክንያት እንደ ልብ ነው። የአካል ዕቃ፣ ማለትም ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ የሸራው ክፍሎች፣ ፈላጊውን ያደክማል። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2005 ብቻ ነው የተሸጠችው።

መንዳት ላይ ግን ዳኝነቱን በእውነት ልስጥ። ኤምአር2 ትበልጣለች። ቀላል ናት፣ ፈጣን ናት፣ መሪዋን ገና ስትነኩት አፍንጫዋ ወደ ፈለጋችሁበት ይዞራል። ኩርባ ላይ ግን ከባዱ ነገር ከኋላ ነው። ኩርባ መሃል ደንግጦ ነዳጅ የለቀቀ ሰው የኋላ ጎማው ይከዳዋል። ሚያታ ይቅር ባይ ናት። ስትንሸራተት ቀስ ብላ ነው፣ ቀድማ ትነግራችኋለች። ካምቢዮዋ ደግሞ ከነዳኋቸው ሁሉ የምወደው ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ማርሹ ሲገባ የሚታወቅ። ሼናንዶዋ ተራራ ላይ በጸደይ ሸራውን አውርጄ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስነዳት በሕጋዊ ፍጥነት ውስጥ ሆኜ ሙሉ ደስታ አገኛለሁ። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ይህን በዚያ ፍጥነት አይሰጥም ብዬ አምናለሁ።

የማልወደውም አለ። 495 አውራ ጎዳና ላይ ሸራው ጆሮ ያደነቁራል፣ አጠገቤ ካለ ሰው ጋር ለማውራት መጮህ አለብኝ። በትላልቅ መኪኖች መሃል ዝቅ ብሎ መሄድም ያሳስባል፤ አያዩኝም ብዬ ነው የምነዳው። ቁመቱ ከ1.85 ሜትር በላይ የሆነ ሰው ሳይቀመጥባት እንዳይገዛ እመክራለሁ። ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና ከሌላችሁም አትግዙ፤ ዕቃ ሲዘገይ በእግር መሄድ ይመጣል። ስለ ዕቃ መጫኛ ከተነሳ ሚያታ ትንሽም ብትሆን የኋላ ሳጥን አላት፤ ባትሪው እዚያው ቢቀመጥም ከአበሻ ሱቅ የገዛሁትን የጤፍ ዱቄት ከረጢትና የሳምንት አስቤዛ ይዛልኛለች። ኤምአር2 ግን የረባ ቦታ የላትም፤ ከወንበሮቹ ኋላ ያሉት ሳጥኖች ቦርሳ ቢይዙ ነው።

ወጪዋ ከገመትኩት አልወጣም። ቨርጂንያ በመኪና ላይ በዋጋዋ ልክ ዓመታዊ ግብር ስለምታስከፍል የርካሽ አሮጌ መኪና ግብር ቀላል ነው። ዓመታዊው የደህንነት ምርመራ ላይ በፍሬን ሸራና በጎማ ምክንያት እንዳትወድቅ ቀድማችሁ እዩ። እዚህ ሰሜኑ ላይ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራም አለ፤ ይሄ በተለይ የኤምአር2 ገዢን ይመለከታል። ቅድመ ካታሊስቱን ቦርቡሮ ማውጣት የተለመደ መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን የጭስ ማጣሪያን መነካካት በአሜሪካ ሕግ ክልክል መሆኑን አውቃችሁ ግቡበት።

አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቼ አድሰህ ላክልን ይሉኛል። አይሆንም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

አሁንም ልቡ ኤምአር2 ላይ የተንጠለጠለ ካለ ከ2003 ወዲህ የተሠራችውን ይፈልግ። በዚያን ጊዜ ፒስተኑ ተሻሽሏል። ዋጋዋ ከእኔ በጀት በላይ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ግን ጨምሮ ይግዛ። የ2000 እስከ 2002ቷን የሚያይ ደግሞ በማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ይድረስ፣ ዲፕስቲኩን ከማስነሳቱ በፊት ይመልከት፣ ሴንሰሮቹን መፍታት ያልፈቀደ ሻጭ ካጋጠመው ደግሞ ሌላ ሞተር እንደሚገዛ አስቦ ዋጋ ያቅርብ። ጓደኛዬ ያደረገው እንደዚያ ነው። አሁን 180 የፈረስ ጉልበት ያለውን የሴሊካ ጂቲኤስ ሞተር እየፈለገላት ነው። ሲያገኝ ለማውረዱም ለመጫኑም አብሬው እሆናለሁ።