ድንጋይ የምትበላው ድመት ወይስ የደጃፉ ግልገል?

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንዳንዴ ድመት ትገኛለች፤ ፀጉሯ የድመት፣ ሆዷ የሞተር። «ጆይ ፎር ኦል» ትባላለች። ሃዝብሮ የተባለው አሻንጉሊት አምራች በ2015 ለአረጋውያን ብሎ አወጣት፤ በ2018 ወደ ኤጅለስ ኢኖቬሽን ተላለፈች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዛሬ በብዛት የምትሰጠው የመርሳት ሕመም ላለባቸው ነው። ዋጋዋ ከ100 ዶላር በላይ ይሆናል። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ላለ ቤት ታዋጣለች፤ ኩታበር ወይም ወረኢሉ ደጃፉ ላይ በግና ጥጃ ላለው ግን ገንዘቡ ባይወጣ ይሻላል።

ጉንጯን ወይም ጀርባዋን ሲነኳት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መዳፏን ታነሣለች፣ ሲደባብሷት ቆይታ በጀርባዋ ትንጋለላለች። ካልነኳት ታንቀላፋለች። ትልቁ ብልሃቷ «ኩርር» እያለ የሚንቀጠቀጠው ሰውነቷ ነው፤ ጆሮው የደከመ ሰው እንኳ በመዳፉ ይሰማዋል። ስትንጋለል ግን የሞተሩ ድምፅ ይወጣል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ደግሞ ያስደነግጣል።

የምትወስደው 4 መካከለኛ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ «ሲ» የሚባለው። የእጅ ባትሪው ትልቁም የሪሞቱ ቀጭኑም አይገባላትም። ክዳኑ ከፀጉሯ ሥር ስለሆነ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያዘጋጁ። ለሳምንታት የማትሠራ ከሆነ ድንጋዩን አውጡት፤ ካፈሰሰ መያዣውን ይበላዋል። ማብሪያዋ ሦስት ቦታ አለው፦ ጠፍቶ፣ በርቶ፣ ድምፅ አልባ። ውኃ ውስጥ አትነከርም፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ብዙ ቤት የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። ካርቶኑን ሰውየው ፊት አትክፈቱ። ድምፅ አልባ አድርጋችሁ፣ የማያቀብጠብጠውን ሰዓት መርጣችሁ፣ ከፊት ለፊት ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡና በራሳችሁ ጭን ላይ እየደባበሳችሁ አሳዩ። እጅ ከዘረጉ ብቻ አስተላልፉ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ለመጀመሪያው ይበቃል። ከለመዱ በኋላ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ «ቤቴ ልሂድ» የሚለው ሳይነሣ፣ ቀድማችሁ ስጧቸው። ጭንቀቱ ከተነሣ በኋላ መስጠት ብዙ አይረዳም። ብሩሽ አብሮ ይሰጥ፤ ሥራ የያዘ እጅ ይረጋጋል።

«ሕያው ናት?» ብለው ሲጠይቁ አትዋሹ፣ አትሳቁም። «እርስዎ ምን ይመስልዎታል እማማ?» ይበቃል። ሰፈሩ ለቡና ሲሰበሰብ «ልጅ ሆነች» እያለ የሚያሾፍ አይጠፋም፤ ጎረቤቱን አስቀድሞ መምከር ከድመቷ እኩል ዋጋ አለው። ጀበናው ሲጣድ ድመቷ ትነሣ፤ ፀጉሯ ሰው ሠራሽ ነው፣ ከሰል አጠገብ ይቀልጣል።

ዋናው ጣጣ ማብላት ነው። ወተትና ፍትፍት አፏ ውስጥ ይከቱና ሞተሯ ይበላሻል፤ ባዶ ሳህን ለብቻዋ ማስቀመጥ ይረዳል። «አልበላችም» እያሉ እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ ግን አሳቡ ሸክም ሆኗል ማለት ነው፤ ማታ «ትተኛ» ብላችሁ በጨርቅ ሸፍናችሁ አስቀምጡ፣ ከእጃቸው አትንጠቁ። የሌለ ነገር ለሚታያቸው፣ በተለይ ሌዊ ቦዲ የተባለው የመርሳት ሕመም ዓይነት ላለባቸው፣ ልታስፈራ ትችላለች። ድመት ጠልቶ ላደገ ሰውማ ምን ትሠራለታለች!

ዕድሜውን በሬ ጠምዶ ለኖረ አባት ጭን ላይ ድመት ማቀፍ ትርጉም የለውም። ለእሱ የለመደ ግልገል ይቅረብለት፤ ገመዱን ሌላ ሰው ይዞ፣ እሱ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጦ፣ ጨው ወይም ሣር በእጁ ያቅምሰው። ቆመው ሲሄዱ ከእግር ሥር እንስሳ አይኑር፤ የዳሌ ስብራት የሚመጣው እንዲህ ነው። ቅርብ ጊዜ የወለደች ወይም ያስወረዳት በግና ፍየል አይንኩ፤ ብሩሴሎሲስ የተባለ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ያስይዛል። ከዚያ እጅ በሳሙና። ውሻ በወሎ ከባድ ምርጫ ነው፦ ውዱእ ላደረገ ሰው ምራቁ ችግር ነው፣ ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የቤት ድመትም ብትሆን ክትባቱን ትውሰድ።

በዋጋ ከሁሉም የረከሰው አጎዛ ነው። ጭን ላይ የተነጠፈ ንጹሕ አጎዛ የመዳበሱን ደስታ ግማሹን ይሰጣል፤ ድንጋይ አይበላ፣ አይራብ። ድመቷን ከማስመጣታችሁ በፊት አንድ ሳምንት በእሱ ሞክሩ።

ተስፋውም ልኩን አይለፍ። በ2019 የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 9 ጥናቶችን፣ በድምሩ 305 ሰዎችን መርምሮ፣ በእንስሳት የሚደረግ እርዳታ ድብርትን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል አለ፤ በሌላው ላይ ግልጽ ውጤት አላገኘም፣ ማስረጃውም ደካማ ነው። የማስታወስ ችሎታ አይመለስም። 6,000 ዶላር ገደማ የምትጠይቀው የጃፓኗ ፓሮ፣ 2.7 ኪሎ የምትመዝነውና በ2009 አሜሪካ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ተብላ የተመዘገበችው ሮቦት፣ እሷም ብትሆን አትመልሰውም።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ትርፍ 8 ድንጋይ አብሮ ይያዝ።