«የ30 ቀን ዋስትና አለው» ተብሎ ለሚሸጠው የፀጉር ፓኬጅ ገንዘባችሁን እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው ፀጉራቸው መሳሳት ለጀመረ ወንድሞቼ ነው። በየቲክቶኩና በየቴሌግራሙ የሚዞር «የ6 ወር ሙሉ ፓኬጅ» የሚባል ነገር አለ። ሦስት ጠርሙስ ቅባት፣ ከራስ ደም ተጣርቶ አናት ላይ የሚወጋ መርፌ አራት ዙር፣ ከዚያ ላይ «በ30 ቀን ውስጥ ካልተደሰታችሁ ገንዘባችሁን እንመልሳለን» የሚል ዋስትና። እኔ 38,500 ብር በአንዴ በባንክ ሂሳባቸው አስገብቼ ገዛሁት። ብሩ ያንገበግበኛል። ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን አሥራ አንድ ዓመት ተንከባክቤ ያቆየሁትን ፀጉር በሰባት ወር ማጣቴ ነው። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ማታለያው ያለው ቀን አቆጣጠሩ ላይ ነውና።

ፀጉሬ መሸሽ የጀመረው በ2003 ዓ.ም.፣ የ26 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቀድሞ ያየው ፀጉር አስተካካዬ ነበር። መስታወቱን ከኋላዬ ይዞ «እዚህ ጋ ሳሳ ብሏል፣ ዝቅ ላርገው?» አለኝ። አባቴም አጎቶቼም በራ ናቸው። ሁለት ዓመት ያህል የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ ስቀባ ከረምኩ። በ2005 አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሄድኩ። ሐኪሟ አናቴንና ማጅራቴን በማጉያ እያመሳከሩ አዩኝ። ማጅራቴ ላይ ያለው ሁሉም እኩል ወፍራም ነው፤ አናቴ ላይ ግን ወፍራሙና የሕፃን ፀጉር የመሰለው ተቀላቅሏል። «ይሄ በዘር የሚመጣው ነው» አሉኝ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀየራል። የግንባርና የአናት ፀጉር ሥር በተፈጥሮው ይህን ሆርሞን የማይችል ከሆነ፣ ፀጉሩ ረግፎ በበቀለ ቁጥር እየቀጨጨ ይመጣል። የማጅራትና የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ብዙም አይነካውም፤ ራሰ በራ ሰው ዙሪያውን የሚቀርለት ለዚህ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የታዘዘልኝ ሁለት ነገር ነበር፤ ሚኖክሲዲል 5 በመቶ ጠዋትና ማታ የሚቀባ፣ ፊናስተራይድ 1 ሚሊግራም በቀን አንዴ የሚዋጥ። ሚኖክሲዲል ዱሮ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና የሚቀባው ተሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። ፊናስተራይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሮስቴት እጢ መተለቅ፣ በ1997 ለፀጉር ተፈቀደ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዘር ለሚመጣው የወንዶች መመለጥ ያጸደቃቸው መድኃኒቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሐኪሟ አስቀድመው ስለነገሩኝ ነው እንጂ መጀመሪያ አካባቢ የረገፈው ፀጉር ያስደነግጥ ነበር። አምስተኛው ወር ላይ መርገፉ ቆመ። እንደ ልጅነቴ አልሆነም፤ የነበረው ግን ባለበት ረጋ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መስከረምና መጋቢት ላይ ሳሎን መስኮት ሥር፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ እነሣለሁ። ፎቶዎቹን ደርድሬ ስመለከት ከ2006 እስከ 2016 ያለው ልዩነት ጥቂት ነው።

ሌላውንም አደረግሁ። ሲጋራ ተውኩ፣ ፎረፎሬን በኬቶኮናዞል ሻምፖ ያዝኩ፣ ፀጉሬን በማሽን አሳጠርኩ። ማሳጠሩ ለዓይን ወዲያው ለውጥ አለው፤ ሲያድግ ነው ገላጣውን የሚያጋልጠው። ኮፍያ ፀጉር ይጨርሳል የሚባለውን አትስሙ።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ሁሉ ተወደደ። የእኔም ጠርሙስ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ባለ 60 ሚሊ ሊትሩ የሚበቃው ለአንድ ወር ስለሆነ ጭማሪው በየወሩ ኪስ ይጎዳል። የፓኬጁ ማስታወቂያ ያገኘኝ እንዲህ በተጨነቅሁበት ሰሞን ነው። «ስድስት ወር ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያስፈልግህም» ይላል። ሄድኩ። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ትንሽ ካሜራ አናቴ ላይ አድርጎ በትልቅ ስክሪን አሳየኝ። በዚያ ካሜራ የማንም ሰው ቆዳ ቢታይ ያስፈራል፤ ላቡም ቅባቱም ቅርፊቱም ተራራ ያክላል። «የኔ ወንድም፣ ሥሩ አልሞተም፣ በኬሚካል ተደፍኖ ነው። ሚኖክሲዲሉንም ክኒኑንም ዛሬውኑ አቁም፣ ሰውነትህ ይጽዳ» አለኝ። በዘር የሚመጣው መመለጥ መደፈን እንዳልሆነ ከሐኪም አፍ ሰምቻለሁ። ቢሆንም አቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሁለቴ መቀባት ይሰለቻል፣ «ተገላገልክ» ሲሉት ሰው ደስ ይለዋል።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ሚኖክሲዲል ሲቋረጥ በእሱ ድጋፍ የቆየው ፀጉር በማግስቱ አይወድቅም። ወደ ዕረፍት ጊዜው ይገባና በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ነው የሚረግፈው። ስለዚህ 30ኛው ቀን ላይ ስትቆሙ በራሳችሁ ላይ ያለው ፀጉር የድሮው መድኃኒት ያቆየላችሁ ነው። ምንም አልጎደለም። እንዲያውም ማሳከኩ ጠፍቷል፣ ቅባቱ ያብረቀርቃል። እኔ በ28ኛው ቀን ተጠርቼ «ረክቻለሁ» የሚል ወረቀት ፈረምኩ፣ ቪዲዮም ቀረጹኝ። ዋስትናው በዚያ አለቀ።

ሦስተኛው ወር ሲጋመስ መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ትራሱ ላይ፣ ሻወር ቤት ውኃ መውረጃው ላይ፣ ሸሚዜ ኮሌታ ላይ። ስደውል «ማጽዳቱ ጀመረ ማለት ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ተባልኩ። ይህ ቃል የሚያሳምነው ከእውነት የተዋሰው ነገር ስላለው ነው፤ ሚኖክሲዲል ሲጀመር በእርግጥ ይረግፋል። ያ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣና የሚያልፍ ነው፣ በአራተኛ ወር እየባሰ የሚሄድ አይደለም። በአራተኛው ወር ደግሞ «ማጠናከሪያ» ብለው ተጨማሪ 12,000 ብር ጠየቁኝ። አልሰጠሁም።

ስለ ቅባቱ። ጠርሙሱ ላይ የሚያምር ቅጠል ተስሏል፤ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበት ቀን፣ ውስጡ ያለው ነገር ግን አልተጻፈም። ሲሸተት የጥብስ ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ግንባሬ ጠርዝ ላይ ያለው ቆዳ ሳስቶ ደም ሥሩ ይታይ ጀመር፣ ብጉር መሰል ነገርም ወጣበት። ወደ ሐኪም ስመለስ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ሲቀባ በቆየ ሰው ላይ እንደሚታይ ነገሩኝ። ስቴሮይድ ማሳከክንና ፎረፎርን በቀናት ውስጥ ጸጥ ያደርጋል፤ ያ የመጀመሪያ ወር ምቾቴ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቅባቱን ላብራቶሪ አላስመረመርኩም፣ ስለዚህ አለበት ብዬ አልምልም። ስያሜ የሌለው ጠርሙስ አናቴ ላይ ማፍሰሴን ግን እምላለሁ።

ስለ መርፌውም አንድ ነገር አለ። ከራስ ደም ፕላዝማ አጣርቶ መውጋት በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ሐኪሞችም ይሠሩታል፤ ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። እኔ ያየሁት ግን በሁለተኛው ዙር መርፌው ከማሸጊያው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ፊቴ ክፈቱልኝ» ስል ልጁ ተቆጣ። ትቼ ወጣሁ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋል። እባካችሁ፣ ለፀጉር ብላችሁ ሕይወታችሁን አታስይዙ። መርፌው ዓይናችሁ ሥር ካልተፈታ ተነሥታችሁ ውጡ፣ የከፈላችሁት ቢቀርም ይቅር።

«በፊትና በኋላ» የሚሉት ፎቶስ? ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት የያዘው ሰው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉሩ በእፍኝ ይረግፋል፤ ከዚያ ምንም ሳይቀባ በወራት ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ረግፎበት ሳለ አግኝተው ቅባት ከሰጡት፣ ስድስት ወር ቆይቶ የሚነሣው ፎቶ እውነተኛ ፎቶ ነው። ያበቀለው ቅባቱ አይደለም እንጂ። ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ መርገፍ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የቆዳ ሐኪም ይንገራችሁ። ጭርትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሌላ መድኃኒት ነው ያለው።

የምከራከርላቸው መድኃኒቶችም ቢሆኑ ከሰው ሻንጣ ተገዝተው ዝም ብለው የሚዋጡ አይደሉም። ፊናስተራይድ በጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ስሜትን የሚያጨልምበትም ሰው አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማችሁ ለሐኪም ንገሩ፣ ዝም አትበሉ። የፕሮስቴት የደም ምርመራ (ፒኤስኤ) ቁጥርን በግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ዕድሜያችሁ ከገፋ ይህን ሳትናገሩ አትመርመሩ። ነፍሰ ጡር ሚስት ያላችሁ የተሰበረውን ክኒን እንዳትነካው።

ኢስታንቡል ሄዳችሁ ፀጉር ለማስተከል የምታስቡ ልጆችም አላችሁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይመጣል፤ የሚተከለው ያ ሆርሞን ብዙም ከማይነካው ከማጅራታችሁ የተነቀለ ነው፣ ያውም ውስን ነው። የእኛ ፀጉር ቆዳ ሥርም የተጠማዘዘ ስለሆነ ያልለመደ እጅ ሲነቅለው ይቆርጠዋል። ጠባሳችሁ የሚያብጥ ከሆነ ጨርሶ አታስቡት።

ገንዘቤን ለማስመለስ ስሄድ ደረሰኝ የለኝም። ስጠይቅ «በኋላ እንሰጥሃለን» ብለውኝ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔ ግን በዚያን ዕለት አልተጨቃጨቅኩም። የያዝኩት የባንክ ማስተላለፊያውን ብቻ ነው። በእሱ አመልክቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። መድኃኒቶቼን ግንቦት 2017 መልሼ ጀምሬያለሁ። ከወደቀው የተወሰነው እንደሚመለስ፣ ሙሉ በሙሉ ግን ተስፋ እንዳላደርግ ተነግሮኛል። መስኮቱ ሥር የተነሣሁትን የመጋቢት ፎቶ ከቀድሞዎቹ አጠገብ ሳደርገው አናቴ ላይ የመዳፍ ያህል ገላጣ ይታያል።

ይህን ቅባት የገዛችሁ ካላችሁ ጠርሙሱን አትጣሉት፣ የተረፈውንም አትድፉት። ከነክዳኑ አሽጋችሁ አስቀምጡ፣ ከላይም ከታችም ፎቶ አንሡት፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ያዙ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። እኔ ደውያለሁ፤ እናንተም ደውሉ።