ራይዘን 7600 ወይስ ኮር አይ5 14600ኬ፦ ኦቨርክሎክ ለሚያረግ ሰው፣ ከነኩለሩ ከነማዘርቦርዱ ሲሰላ

ፕሮሰሰር ከፕሮሰሰር ብቻ ማወዳደር ኦቨርክሎክ ላርግ (ቺፑን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ላስኪደው) ለሚል ሰው ብዙም አይጠቅምም። ቺፑ በዋት የሚበላውን ሁሉ መልሶ ሙቀት አርጎ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ኩለሩንም እሱ ነው የሚመርጥላችሁ፣ ማዘርቦርዱንም እሱ፣ ፓወር ሳፕላዩንም እንደዛው። ሶስት አራቱን ደምራችሁ ባንድ ዋጋ ካላያችሁት ርካሽ የመሰላችሁ ነገር ኋላ ላይ ውድ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንተማመን፣ ኦቨርክሎክ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴሉ ሴለሮን 300ኤ ባሱን (የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚሰላበትን መነሻ ፍጥነት) ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በማንሳት ብቻ 450 ሜጋኸርዝ ይገባ ነበር፣ ግማሽ ፍጥነት በነጻ በሉት። አሁን ኢንቴልም ኤኤምዲም ቺፑን ከፋብሪካ ሲያወጡት ጫፍ ድረስ ጨምቀውት ስለሆነ ለኛ የሚተርፈን ጥቂት ፐርሰንት ናት። ነገሩን ለመዝናኛ ለሚያረገው ሰው ችግር የለውም፣ ለጥቂት ፍሬም ብሎ ግን 300 ዶላር ኩለርና ቦርድ ላይ የሚጨምር ሰው ይገርመኛል፣ ያን ብር ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርድ) ላይ ቢያረገው ልዩነቱን ባይኑ ያየው ነበር።

በቃ ወደ ሁለቱ እንግባ።

ራይዘን 5 7600 (የኤኤምዲው)፦ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬዳቸው ስራዎች)፣ ቢበዛ 5.1 ጊጋኸርዝ፣ ወረቀቱ ላይ 65 ዋት ይበል እንጂ በተግባር እስከ 88 ዋት ይስባል፣ ሲወጣ 229 ዶላር ነበር፣ ኩለር ካርቶኑ ውስጥ አለው።

ኮር አይ5 14600ኬ (የኢንቴሉ)፦ 14 ኮር (6 ትልልቅ 8 ትንንሽ)፣ 20 ትሬድ፣ ቢበዛ 5.3 ጊጋኸርዝ፣ መነሻው 125 ዋት ሆኖ ቱርቦ ሲገባ (ራሱ ፍጥነቱን ሲጨምር) 181 ዋት፣ ሲወጣ 319 ዶላር፣ ኩለር የለውም።

ቪዲዮ ኤዲት የምታረጉ ከሆነ፣ ብሌንደር ምናምን የምትሰሩ ከሆነ ወይ ኮድ ኮምፓይል ሲያረግ ቁጭ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ክርክር የለውም፣ 14600ኬ ይበልጣል፣ 20 ትሬድ ከ12 ጋር አይወዳደርም፣ 7600ን የፈለገ ኦቨርክሎክ ብታረጉት አይደርስበትም። ጌም ላይ ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ መካከለኛ ጂፒዩ ላለው ሰው ደግሞ ልዩነቱን መለየት ራሱ ይከብዳል። ለ14600ኬ ሌላ የምሰጠው ነጥብ፣ እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ራምም ይቀበላል፣ ከድሮ ኮምፒውተራችሁ 32 ጊጋ ራም የተረፋችሁ ከሆነ ቀላል ብር አይደለም የምታተርፉት። 7600 ዲዲአር5 ብቻ ነው።

ዋጋው የሚዞረው ማዘርቦርድ ላይ ስትደርሱ ነው። ኢንቴል መልቲፕላየሩን (የኮሩን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር) የሚከፍተው ዜድ በሚባሉት ቦርዶች ላይ ብቻ ነው፣ ዜድ690 ወይ ዜድ790፣ ቢ760 ገዝታችሁ ኬ ፕሮሰሰር (ያልተቆለፈውን) ብትሰኩበት ራሙን እንጂ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አታረጉትም፣ የኬውን ዋጋ ከፍላችሁ ጥቅሙን ቦርዱ ቆልፎ ይዞባችኋል ማለት ነው። ኤኤምዲ ጋር ቢ650 ይበቃል። ኤ620ን ብቻ ሽሹት፣ ርካሽ ነው ግን እሱም ይቆልፋል። ሶኬቱም ላይ ቢሆን ኤልጂኤ1700 (የ14600ኬው) ከ14ኛው ትውልድ በኋላ ለኦቨርክሎክ የሚሆን አዲስ ነገር አልመጣበትም፣ ኤኤም5ን (የ7600ውን) ግን ኤኤምዲ እስከ 2027 እና ከዛም ወዲያ እቀጥልበታለሁ ብሏል፣ ዛሬ 7600 አስገብታችሁ ነገ ባዮስ አፕዴት አርጋችሁ 9800ኤክስ3ዲ (የኤኤምዲን የጌም ቺፕ) መሰካት ይቻላል።

7600ኤክስስ ለምትሉ፣ ኮሩ ያው ነው፣ 142 ዋት ስለተፈቀደለት 5.3 ይገባል እንጂ። 7600ም ያልተቆለፈ ስለሆነ ፒቢኦ (ቺፑ የዋት ገደቡን አልፎ ራሱ እንዲፈጥን የሚያረገውን ሴቲንግ) ከፍታችሁ ትጠጉታላችሁ። እኔ ኤክሱን የምገዛው ዋጋቸው እኩል ከሆነ ብቻ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ይቺን ልብ በሉ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ቺፑን ቀስ በቀስ እየጎዳ ኮምፒውተሩን ክራሽ የሚያስረግ ችግር ነበረ፣ በ2024 ኢንቴል ራሱ አምኖ በነሐሴ 0ኤክስ129 የሚባለውን ማይክሮኮድ (በባዮስ አፕዴት የሚገባ የቺፑ ማስተካከያ)፣ ቀጥሎ 0ኤክስ12ቢን አወጣ፣ ዋራንቲውንም በ2 ዓመት ጨመረ። አፕዴቱ ግን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። አዲስ 14600ኬ ገዝቶ የመጀመሪያውን ቀን ባዮስ አፕዴት ለሚያረግ ሰው ብዙ አያስፈራም፣ ማን እንዴት እንደነዳው የማይታወቅ አይ7 ወይ አይ9 ከሰው እጅ መግዛት ግን እኔ አልመክርም፣ በተለይ የነበረው ባለቤት “ኦቨርክሎክ አርጌው ነበር” ብሎ እንደ ሙገሳ ከነገራችሁ።

ጌም ብቻ ነው የምጫወተው ብርም አለኝ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፣ 9800ኤክስ3ዲ። ከሱ በፊት የነበረው 7800ኤክስ3ዲ ካሹ (ቺፑ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) ከኮሩ በላይ ስለተደረበ ሙቀት ያፍናል፣ መልቲፕላየሩም የተቆለፈ ነው፣ ጣራውም 89 ዲግሪ ነው። በ9800 ካሹን ወደ ታች ስላወረዱት ተከፍቶ መጣ። የኢንቴሉ ኮር አልትራ 265ኬ ለስራ ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ሶኬት፣ አዲስ ቦርድ፣ ጌም ላይም ሲወጣ የድሮዎቹን ጥሎ አልሄደም፣ እለፉት።

አሁን ኩለር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ብር የሚባክነው።

ሰዉ የሚመስለው ኩለር በተለቀ ቁጥር ቺፑ በዛው ልክ የሚቀዘቅዝ ነው። ራይዘን ላይ እንደዛ አይሰራም፣ ሙቀቱ የሚወጣው ከትንሽዬ ቺፕሌት (ኮሮቹ ያሉበት ቁራጭ) ነው፣ 70 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ፣ ከላዩ ያለው ክዳን ደግሞ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ገና ክዳኑን አልፎ ኩለሩ ጋ ሳይደርስ ተጨናንቆ ይቀራል። ለዛ ነው 88 ዋት የሚበላ ቺፕ ባለ360 ሚሊሜትር ራዲያተር የውሃ ኩለር ቢጫንበት ከጥሩ ኤር ኩለር ብዙ የማይለየው። ራይዘን 7000ዎቹ ደግሞ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሰሩ ተደርገው ነው የተሰሩት፣ ስክሪን ላይ 90 ስላያችሁ አትደንግጡ። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ሬይዝ ስቴልዝ እንዳለ ለመጠቀም ትበቃለች፣ ፒቢኦ ስትከፍቱ ግን ትጮሃለች፣ ሂትፓይፕም (ሙቀት የሚያጓጉዝ የመዳብ ቱቦ) የላትም፣ አልሙኒየም ብቻ ናት።

እኔ ለሁለቱም ፕሮሰሰር የምመክረው ባለሁለት ታወር ኤር ኩለር ነው። ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ 6 ሂትፓይፕና 2 ባለ120 ፋን ይዞ 35 እና 40 ዶላር አካባቢ ነው የሚሸጠው፣ ለ7600 ይተርፈዋል፣ የ14600ኬን 181 ዋትም ይችላል፣ ከዛ በላይ ስትገፉት ግን መጨነቅ ይጀምራል። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ የምታገኙት ጥቂት ዲግሪ ነው፣ የቀረው ብር የሚሄደው ለጸጥታው፣ ለጥራቱና ለ6 ዓመት ዋራንቲው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁ ስንት ሚሊሜትር እንደሚያስገባ እዩ፣ ተርማልራይቱ 155 ነው፣ ኖክቱዋው 165፣ ረጃጅም ራም ካላችሁ ደግሞ የፊቱ ፋን ወደ ላይ ስለሚገፋ ከዛም ይጨምራል።

የውሃው፣ ማለትም ኤአይኦ፣ የሚያስፈልገው 14700ኬና 14900ኬ ላይ ነው፣ 253 ዋት ነው ወረቀታቸው ላይ ያለው፣ ኦቨርክሎክ ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። እዛ ላይ እንደ አርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ያለ 360 ልክ ነው፣ ራዲያተሩ ግን 38 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ላይኛው የኬዙ ክፍል መብቃቱን ለኩ። አገር ቤት ላለ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አለ፣ ፓምፑ ቢሞት ዋራንቲውን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ? ዕቃውን ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ ሰው ነው ያመጣላችሁ። ኤር ኩለር ላይ የሚበላሸው ፋኑ ነው፣ ማንኛውንም ባለ120 ፋን ገዝታችሁ ትቀይራላችሁ፣ ብረቱ የትም አይሄድ።

አዲስ አበባ ለምትገነቡ ደግሞ ሪቪው ላይ የምታዩትን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ፋኑ ያው ዞሮ ያነሰ አየር ነው የሚገፋው፣ ዲግሪው ከፍ ይላል። ውሃውም ከዚህ አያመልጥም፣ ራዲያተሩን የሚያበርደው ያው አየር ነው። ክፍሉ ቀዝቀዝ ማለቱ የተወሰነውን ይመልሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዩፒኤሱን አስቡት፣ 88 ዋት ቺፕና 250 ዋት ቺፕ አንድ ዩፒኤስ ላይ እኩል ደቂቃ አይሰጡም።

ሴቲንግ ላይ፣ 7600 ከሆነ ዘመናዊው ኦቨርክሎክ ቮልቴጅ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ባዮስ ውስጥ ፒቢኦ ክፈቱ፣ የሙቀት ጣራውን 85 ላይ አርጉት፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘሩን (የየኮሩን ቮልቴጅ የሚቀንሰውን) ከኔጌቲቭ 15 ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኔጌቲቭ 30 ውሰዱት፣ ራሙን 6000 ላይ በኤክስፖ (ራሙ ላይ ተዘጋጅቶ በሚመጣው የፍጥነት ሴቲንግ) አብሩት፣ በቃ። ኤኤምዲ ፒቢኦንም ኦቨርክሎክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ በሱ ሰበብ ለሚመጣ ጉዳት ዋራንቲ የለም። 14600ኬ ላይ መልቲፕላየሩን በአንድ በአንድ ጨምሩ፣ ቮልቴጁን ለቦርዱ አውቶ አትተዉለት፣ ቦርዶች ሲለቁት እጃቸው ሰፊ ነው።

ቴስት ስታረጉ ሲኒቤንች (ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጫና የሚፈትሽ ፕሮግራም) 10 ደቂቃ ስላለፈ ብቻ አልቋል አትበሉ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር ሲበዛ ክራሽ የሚያረገው ጫና ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስራ ፈቶ ቁጭ ባለበት ወይ ዩቲዩብ እያያችሁ ነው፣ ስለዚህ ኮር በኮር የሚፈትሽ ፕሮግራም ሌሊቱን አሳድሩበት፣ የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ላይ ከፕሮሰሰሩ የመጣ የሃርድዌር ኤረር ካያችሁ የዛን ኮር የከርቭ ኦፕቲማይዘር ቁጥር በ5 ወደ ዜሮ መልሱትና እንደገና ሞክሩ።